“አንተ ካድሬ” ሲባል የሚያመው የትኛው ቃል ነው?

ጥያቄ፦ “ሰላም ለእርስዎ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ ነኝ። 33 ዓመቴ ነው። አብረውኝ 11 ሰዎች ይሠራሉ። አራቱ ከ50 በላይ ናቸው፣ አምስቱ ከ28 በታች፣ ሁለቱ የእኔ እኩዮች። ምሳ ሰዓት ላይ ፖለቲካ ከተነሳ ሰላም የለንም። ባለፈው ሳምንት አንዱ ወጣት 57 ዓመት የሞላቸውን የሒሳብ ሠራተኛ ‘አንተ ካድሬ’ አላቸው። እሳቸውም ‘አሳዳጊ የበደለህ’ ብለው ጠረጴዛ መቱ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም፤ የወሩን ሒሳብ መዝጋት አልቻልንም። ሥራ አስኪያጁ ‘ፖለቲካ ማውራት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ለጥፊ፤ ልጁንም አሰናብቺው’ ይሉኛል። ምን ላድርግ?”

ምላሽ፦ “እርስዎ” ብለሽ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። እኔ በዕድሜ ብዙ ስለምበልጥሽ “አንቺ” እያልኩ ልመልስልሽ። ቅር ካለሽ ንገሪኝ። ይህን ያነሳሁት ለወግ አይደለም። የቢሮሽ ጠብ ግማሹ እዚሁ ላይ ነው።

በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የተኳረፉ ሰዎችን ማነጋገር ከዕለት ሥራዬ አንዱ ነው። እና “አንተ ካድሬ” የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ ያየሁት “አንተ”ን ነው። ወጣቱ ስድቡ ያለው “ካድሬ” ላይ ይመስለዋል። ሰውየው ግን ሲገላበጡ ያደሩት “አንተ” በሚለው ነው ብዬ ብወራረድ የምከስር አይመስለኝም።

አንድ ድርጅት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ነበር። ትልቁን ሰው ለብቻቸው አስቀምጬ “ከተባሉት ሁሉ የትኛው አመመዎት?” አልኳቸው። ልጁ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልለጠፈባቸው የፖለቲካ ስም አልነበረም። እሳቸው አንዱንም አላነሱም። መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ጠረጉና “አንተ አለኝ። የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነው” አሉ። በቃ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ልጁን ሳነጋግረው ደግሞ እሱም የራሱ አለው። “ሦስት ዓመት ሙሉ ‘አንተ ልጅ’ ሲሉኝ ማንም ምንም አላለም። ስሜን የሚያውቁትም አይመስለኝም። ኮምፒውተሩ ሲቆም ብቻ ‘የኔ ጌታ፣ እስቲ ይቺን ነገር እያት’ ይሉኛል” አለኝ። ይህም እውነት ነው። የትልልቆቹን የኤክሴል ሥራ ግማሹን የሚሠሩት ልጆቹ መሆናቸውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ደመወዛቸው ላይ ግን ይህ አይታይም።

ምን ታደርጊዋለሽ፣ አማርኛችን ነው። ገና “አን...” ስትዪ ማን ከማን እንደሚበልጥ ተናግረሻል። ስለ ምርጫ፣ ስለ ሰንደቅ ዓላማ፣ ስለ ጦርነት ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ፣ በሥሩ “ማንን ነው አንተ የምትለው?” የሚል ሌላ ክርክር አብሮ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚፈነዳውም ይኸኛው ነው።

አሁን ወደ ዕድሜው እንምጣ። ወጣቶቹ “ትልልቆቹ” ሲሉ በልባቸው የሚያዩት የ66ቱን አብዮተኛ ነው። “አገሪቱን እናንተ ናችሁ ያበላሻችኋት” የሚለው ነገር ከዚያ ይመጣል። እስቲ እስክሪብቶ አንሺና እንቁጠር። በ1957 “መሬት ላራሹ” ብሎ አደባባይ የወጣ ተማሪ ዛሬ 80 ደርሷል። በ1966 ዩኒቨርሲቲ የነበረው 70ን አልፏል። ጡረታችን 60 ላይ ነው። ስለዚህ ያ ትውልድ የሚባለው ቢሮሽ ውስጥ የለም። በሕይወት ካለ ቤቱ ቁጭ ብሎ የልጅ ልጅ ይጠብቃል።

የአንቺ ባለ 57 የተወለዱት በ1960 ወይም በ1961 ነው። ቀይ ሽብር በ1969 እና በ1970 ከተማውን ሲያምስ ገና ፊደል ቆጥረው የጨረሱ ልጅ ነበሩ። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ወጣ። እሳቸው 18 ሲሞላቸው አፈሳ ነው። በ1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ የ22 የ23 ዓመት ሥራ ፈላጊ ናቸው። የ1997 ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ልጅ የሚያሳድጉ ደመወዝተኛ። በመሃል መንግሥት መሥሪያ ቤት አልፈው ከሆነ ግምገማውን፣ ሂስ ግለ ሂሱን፣ በኋላም 1 ለ 5 አደረጃጀቱን ቀምሰዋል። እኚህ ሰው አገር አላበላሹም። ቀና ካሉ የሚመታ ነገር ስላለ አንገት ደፍተው የኖሩ ሰው ናቸው። የጀርመን ድምፅን ሬዲዮናቸውን ቀንሰው፣ መስኮት ዘግተው የሰሙ ሰው ናቸው። “ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ” ለእሳቸው ቀልድ አይደለም።

እና ጠረጴዛ የመቱት ተናደው ብቻ ላይሆን ይችላል። ሰው ላይ በአደባባይ ስም ሲለጠፍ ቀጥሎ ምን ይመጣ እንደነበር ያውቃሉ። ልጁ “ካድሬ” ሲል እንደ ፌስቡክ ኮሜንት ነው የወረወረው። እሳቸው ጋ የደረሰው ሌላ ነገር ሆኖ ነው።

ልጁንም እንቁጠረው። 25 ዓመቱ ከሆነ በ1992 ወይም በ1993 ተወልዷል። የ1997ቱን ምርጫ የሚያውቀው በወሬ ነው። ለውጡ በ2010 ሲመጣ 17 ወይም 18 ዓመቱ ነበር። እስረኛ ሲፈታ፣ ከስደት ሰው ሲመለስ፣ ሁሉም ስልኩን ይዞ የልቡን ሲናገር አየ። ፖለቲካ ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር ሆኖ ነው ያገኘው። ከዚያ በ2012 የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲታመሱ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤት ከተመለሱት አንዱ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ኮሮና። በ2013 ጦርነት። ተመርቆ ሲወጣ ደግሞ ደመወዙ ለቤት ኪራይ አይበቃም። ለእሱ ዝም ማለት ጥበብ አይደለም፤ አድርባይነት ነው። “ዝም በል” ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር የሚደብቅ ይመስለዋል።

ይህን ቁጥር አንድ ቢሮ ውስጥ ነጭ ሰሌዳ ላይ ጽፌው ነበር። ማን በየትኛው ዓመት ስንት ዓመቱ እንደነበር ብቻ፤ ሌላ ንግግር የለም። አንዷ ልጅ ሰሌዳውን አየት አድርጋ ሁልጊዜ ወደምትጨቃጨቃቸው ሰውዬ ዞረች። “እንዴ! አብዮቱ ሲፈነዳ አምስት ዓመትዎ ነበር?” አለቻቸው። “አዎ። እኔ ከአብዮቱ የማስታውሰው በ67 ታላቅ እህቴ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስትሄድ ማልቀሴን ነው” አሏት። ሁሉም ሳቀ። ከሳቁ ይልቅ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ሕይወታቸው ስትጠይቃቸው ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

እንዲህም ሆኖ ጠቡ ሁሉ የታሪክ ነው እንዳትዪ። የቢሮ የፖለቲካ ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ የሥራ ቅሬታ ነው፤ ልብሱን ለውጦ ነው የሚመጣው። የሥራውን ቅሬታ መናገር ያሳፍራል። “እኔ ያሠለጠንኩት ልጅ ከእኔ በላይ ይከፈለዋል” ብሎ በግልጽ የሚናገር ትልቅ ሰው ስንት ነው? ስለ አገር መቆጣት ግን አያሳፍርም፤ ያስከብራል።

ስለዚህ ቀኑን ቁጠሪ። የመጀመሪያው ከባድ ጭቅጭቅ መቼ ነበር? ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት አራት ሳምንታት ክፍልሽ ውስጥ ምን ተለወጠ? ቅድም የነገርኩሽ ባለመነጽሩ ሰውዬ የክፍያ ሰነድ ላይ ለ14 ዓመት ፈርመዋል። ድርጅቱ ፒችትሪ ከሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ወደ አዲስ ሲስተም ሲዛወር ማጽደቂያው ወደ ልጁ ኮምፒውተር ሄደ። ማንም ክፋት አስቦ አይደለም፤ ሲስተሙን የሚያውቀው እሱ ስለነበር ነው። ለሰውየው ግን ማንም “እንዲህ ልናደርግ ነው” አላላቸውም። አንድ ቀን ጠዋት ሲገቡ የሚፈረም ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አልነበረም። የመጀመሪያው የምሳ ሰዓት ጠብ በሳምንቱ ነው። ርዕሱ? ፌዴራሊዝም።

ከወጣቶቹም በኩል ፈልጊ። “ጋሽ እከሌ ሁልጊዜ ፈቃድ ላይ ናቸው” የሚል ማጉረምረም ሰምተሽ ይሆናል። በሕጉ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። 21 ዓመት ያገለገለ ሰው 26 ቀን ይወጣል ማለት ነው። የእሳቸው ፈቃድ ከወር መዝጊያ ጋር ከገጠመ ማን ያመሻል? ልጁ። ይህን ፖለቲካ አይፈታውም። የፈቃድ ፕሮግራም ነው የሚፈታው፤ እሱ ደግሞ በአንቺ እጅ ነው።

ወደ ማስታወቂያው ልምጣ። አትለጥፊ። ለሥራ አስኪያጁ ይህን በዪልኝ፦ እናንተ አስመጪ ናችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ኤልሲ (ለውጭ ሻጭ የሚከፈት የባንክ ክፍያ ዋስትና) የከፈተ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ሳያወራ እንዴት ሒሳብ ይዘጋል? ያ ሥራ ነው ወይስ ፖለቲካ? የነዳጅ ጭማሪስ? መንገድ ተዘግቶ ዕቃ የቀረ ጊዜስ? ማስታወቂያ የተለጠፈ ዕለት ወሬው ከምሳ ጠረጴዛ ተነስቶ አንቺ ወደሌለሽበት ቴሌግራም ይገባል። እዚያ ደግሞ ትልልቆቹ ለብቻ፣ ልጆቹ ለብቻ ነው። አሁን ቢያንስ ሲጣሉ ይሰማሻል።

የሚከለከለው ጠባብ ነገር ይሁን፤ የሚከለከለውም ከልብ ይከልከል። ደንበኛ ፊት የፖለቲካ ክርክር የለም። የሥራው ቴሌግራም ግሩፕ ለሥራ ብቻ ነው። የሰውን ብሔር ወይም ሃይማኖት አንስቶ መናገር በቀልድም አይቻልም። አለቃ የበታቹን “የማን ደጋፊ ነህ?” ብሎ አይጠይቅም። ይሄ የመጨረሻው አንቺንም ሥራ አስኪያጁንም ይይዛል። ይህ በሥራ ደንባችሁ ውስጥ ይግባ። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ማንንም አይገዛም።

እግረ መንገዴን፣ ሠራተኞችሽ የፌስቡክ ጓደኞችሽ ከሆኑ ላይክ ያደረግሽውን ሁሉ ያዩታል። አንዲት ኃላፊ አንድ ቃል ሳትናገር ግማሹ ክፍል ኩርፊያ የገባባትን አውቃለሁ። ምክንያቱ እኩለ ሌሊት ላይ የሰጠችው አንድ ላይክ ነበር።

ማሰናበት ላይ በአጭሩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 የፖለቲካ አመለካከት የሥራ ውል ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል በግልጽ ይላል። በዚህ ምክንያት የተባረረ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ቢረታ፣ ራሱ ልሂድ ካላለ በቀር ወደ ሥራው ይመለሳል። አንቀጽ 27 ደግሞ በሥራ ቦታ አምባጓሮና ጠብ ላይ ጥፋተኛ የሆነን ሰው ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅዳል፤ ግን “እንደ ጥፋቱ ክብደት” ብሎ ነው። አንድ የምሳ ሰዓት ስድብ፣ ያውም ከሌላው ወገንም ስድብና ጠረጴዛ መምታት ያለበት፣ ያን ክብደት ያነሳል ብዬ አላምንም። ልጁን አሰናብተሽ ሰውየውን ዝም ብትዪ ደግሞ የሚነበበው “በአመለካከቱ ተባረረ” ተብሎ ነው። ዳኛም እንዲሁ ሊያነበው ይችላል።

የብሔር ወይም የሃይማኖት ስድብ ቢሆን ኖሮ ምላሼ ሌላ ይሆን ነበር። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ አለው። “ካድሬ” እዚያ ውስጥ አይገባም። ብልግና ነው፤ ብልግና ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለው። ከሰጠሽ ለሁለቱም ስጪ፤ ቃሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ደብዳቤው ላይ ስለምን እንደተከራከሩ አትጻፊ። “የሥራ ባልደረባዎን በሥራ ቦታ አዋርደዋል” ይበቃል። “ካድሬ” የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ በማኅደር ውስጥ ከተቀመጠ ነገ ማን እንደሚያነበው አታውቂም። ትልቁ ሰው ይህን ከአንቺ በተሻለ ያውቃሉ።

አሁን ሰኞ ጠዋት ምን ታደርጊያለሽ? አንድ የማታደርጊውን ልንገርሽ፦ ስብሰባ አትጥሪ። “ተሰብስበን በግልጽ እንነጋገር” ለአንቺና ለልጆቹ ጥሩ ይመስላል። አራቱ ትልልቆች ግን ወንበር ዙሪያውን ተደርድሮ፣ አንድ ሰው ማስታወሻ ይዞ ሲያዩ ግምገማ ነው የሚታያቸው። “ምንም ቅሬታ የለኝም” ብለው ይወጣሉ። ልጆቹ ደግሞ “አየሽ፣ ፊት ለፊት አይናገሩም” ይሉሻል።

አንድ በአንድ ሂጂ። መጀመሪያ እሳቸው ጋ። ቢሮሽ አትጥሪያቸው። ቡና ተፈልቶ ሰው ሲበተን ወንበር ስበሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። በ33 ዓመትሽ የእሳቸው አለቃ ነሽ፤ ያንንም አንዴ ውጠውታል። ስለ ጠቡ ከማንሳትሽ በፊት ስለ ሥራው ጠይቂያቸው፦ “በቅርብ ጊዜ የቱ ሥራ ነው ያስቸገረዎት?” ከዚያ አድምጪ። እንደ ባለመነጽሩ ሰውዬ ፊርማቸው ከሄደ፣ በምትኩ የሚይዙት አንድ ሥራ ፈልጊ። ያረጁ ተሰብሳቢ ሒሳቦችን ማስታረቅ ሊሆን ይችላል። በእነሱ ጉዳይ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሲስተሙም አያውቅም።

ልጁን ለብቻው አግኚው። “ፖለቲካህን ተው” አትበዪው። ይቅርታ የሚጠይቀው በአመለካከቱ ሳይሆን በ“አንተ” መሆኑን ንገሪው። እዚህ ላይ ብዙዎቹ ይገርማቸዋል። “እሱ ነው እንዴ ያናደዳቸው?” ይላሉ። በዚያ ላይ ይቅርታ መጠየቅ አይከብዳቸውም፤ ቤታቸው ያደጉበት ነገር ነው። ከእሳቸው በኩልም የሚመለስ ነገር አለ። “አሳዳጊ የበደለህ” ብለው ወላጆቹን ሰድበዋል። ይህን በእርጋታ፣ ለብቻቸው አንሺላቸው። ከዚያ በኋላ በስሙ ይጥሩት። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ አይደለችም።

ሽምግልና ይግባ የሚል ሰው አይጠፋም። ሽምግልናን አልጠላም፤ ቢሮ ውስጥ ሲሆን ግን እጠነቀቃለሁ። አካሄዱ የታወቀ ነው። ልጁ ጉልበት ይስማል፣ ትልቁ ሰው ይመርቃሉ፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ፋይል ይዘጋል። ልጁ የያዘውን የሥራ ቅሬታ ማንም አልጠየቀውም። በሦስተኛው ወር ሌላ ሰው ላይ ያፈነዳዋል፤ ወይም ሥራ ለቅቆ ይሄዳል። ሰው መሃል ማስገባት ካለብሽ ከሁለቱ እኩዮችሽ አንዱን ምረጪ። ከሁለቱም ጋር ቡና የሚጠጣውን።

በመሃል ክፍልሽን የምታነቢበት ነገር ልስጥሽ። የሠራተኛ ዳሰሳ ቅጽ አያስፈልግሽም፤ ምሳውን እይ። ድሮ አንድ ትሪ ላይ ትበሉ ነበር? አሁን ስንት ትሪ ነው? ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ጠረጴዛቸው ላይ መብላት ጀምረዋል? የክፍሉ ዕቁብ ካለ ዙሩ ሲያልቅ ማን “እኔ ልውጣ” እንደሚል ተመልከቺ። ሰው ገንዘቡን ከዕቁብ የሚያወጣው አብረውት ያሉትን ካላመነ ነው። ከሁሉ የከፋው ለቅሶ ነው። አንዱ ሐዘን ላይ ተቀምጦ ሌላው ካልሄደ፣ ያኔ ነገሩ ከአንቺ አቅም በላይ ሆኗል። እስካሁን እዚያ የደረሳችሁ አልመሰለኝም። ሁለት ሰው ተኳርፏል፤ ዘጠኙ ያያል።

ሁለቱን ወንበር ለያይተሽ ከሆነ ደግሞ መልሺያቸው። የዚህን ወር የባንክ ማስታረቂያ፣ ማለትም የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ ጋር ማመሳከሩን፣ አብረው ይዝጉት። እሳቸው የድሮውን ሰነድ ያውቃሉ፣ እሱ ሲስተሙን። ሦስት ቀን ሙሉ “ይቺ 48,000 የት ሄደች?” ሲባባሉ ይውላሉ። መዋደድ አይጠበቅባቸውም። ስለ አገሪቱም ላይስማሙ ይችላሉ፤ እኔና ወንድሜም ከተስማማን ዓመታት አልፈዋል።

እሳቸው ይቅርታውን አልቀበልም ቢሉ አትለማመጪያቸው፤ አትቆጪያቸውም። ልጁ እንደጠየቀ፣ አንቺም እንደሰማሽ ይወቁ። ሳምንት ስጫቸው። ማስጠንቀቂያውን የግድ ከጻፍሽ ግን ከመፈረምሽ በፊት ለሕግ ክፍላችሁ አሳዪው። ለሁለቱም በአንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ስጪ።